ሽልማት ምስክር ነው ወይስ ዳኛ?

የሚከተለው ምንባብ አስተያየት የቀረበበት ድርሰት ነው። ጸሐፊው አቋሙን በየትኛው አንቀጽ እንደ ገለጠ፣ በምን በምን ማስረጃም እንዳጸናው እያስተዋላችሁ አንብቡ።

በጎ የሠራ ሰው ሲሸለም ማየት ደስ ያሰኛል። በቀድሞው ዘመን በጦር ሜዳ የጀገነ ሰው ካባ ይደረብለት፣ ሹመትም ይሰጠው ነበር። ዛሬም በትምህርት ቤት አንደኛ የወጣ ተማሪ በወላጆቹ ፊት መጽሐፍ ይቀበላል፤ በሩጫ ቀድሞ የገባ ሯጭም ሜዳልያ ያጠልቃል። የሯጩ ሜዳልያ ብዙ ክርክር አያስነሣም፤ ማን እንደ ቀደመ ሰዓቱ ይናገራልና። አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ሲሸለም ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ለድርሰትም ሆነ ለሥዕል፣ ለዜማም ሆነ ለፊልም ቀዳሚውን ከተከታዩ ለይቶ የሚናገር ሰዓት እስካሁን አልተሠራም።

በዓለማችን ስመ ጥር የሆኑ ብዙ የፊልም ሽልማቶች አሉ። በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የጣሊያኑ የቬኒስ የፊልም በዓል እ.ኤ.አ. በ1932፣ የፈረንሳዩ የካን በዓል በ1946፣ በዋጋዱጉ ከተማ የሚካሄደው የአፍሪካ የፊልም በዓል ደግሞ በ1969 ተጀምረዋል። በአገራችንም የጉማ የፊልም ሽልማት በ2006 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ጋዜጣው፣ ራዲዮውና ቴሌቪዥኑ የእነዚህን ሽልማቶች ውጤት ሲያሰማ ብዙ ሰው «እንግዲያው የዓመቱ ታላቅ ፊልም ይህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ለመሆኑ የተሸለመ ፊልም ሁሉ ዘመን የሚሻገር ታላቅነት አለውን? ያልተሸለመስ ታላቅነት የለውምን?

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፤ ሽልማት ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ሆኖ ያየውን ይናገራል። ምስክርነቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ከቆመበት ስፍራ የማይታየውን አላየም። ፍርዱ የሚሰጠው ብዙ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ነው። አባቶቻችንም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው።

በመጀመሪያ ሽልማቱ እንዴት እንደሚሰጥ እንመልከት። የኦስካርን ሽልማት የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ ሲሆን፣ ድምፅ የሚሰጡት በፊልም ሥራ የተሰማሩት አባሎቹ ናቸው። ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ የፊልም ኩባንያዎች ሥራቸውን ለአባላቱ ለማስተዋወቅ ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። በካንና በቬኒስ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ሃያ ያህል ፊልሞችን በዐሥርና በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አይቶ ይወስናል። እነዚህ ሰዎች «ዳኞች» ይባሉ እንጂ በእውነቱ የቸኮሉ ምስክሮች ናቸው። ጠዋት አንድ ፊልም፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ፊልም፣ ማታ ሦስተኛ ፊልም የሚያይ ሰው በልቡ ሊቀመጥ የሚገባውንና ዓይኑን ብቻ የማረከውን ለመለየት ፋታ አያገኝም። በዘመኑ የሚወራው ወሬ፣ ያለፈው ዓመት ተሸላሚ ማንነት፣ የታዋቂ ተዋናይ ስም፣ እነዚህ ሁሉ በሚዛኑ ላይ ሳይታወቅ ይጨመራሉ።

ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1941 ኦርሰን ዌልስ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ «ሲትዝን ኬን» የተሰኘውን ፊልም አዘጋጀ። ፊልሙ ለዘጠኝ የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ያገኘው አንዱን፣ የድርሰቱን፣ ብቻ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው ስለ ዌልስ አገር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የሚተርከው የጆን ፎርድ ሥራ ነው። የፎርድ ፊልም መጥፎ ፊልም አይደለም። ነገር ግን «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየዐሥር ዓመቱ የዓለምን የፊልም ሐያስያን ሲጠይቅ ከ1962 እስከ 2002 ባሉት አምስት ተከታታይ ጊዜያት በአንደኛነት የተመረጠው «ሲትዝን ኬን» ነበር። በ2012 ከዚህ ስፍራ ያወረደው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ነው። እርሱም በ1958 በወጣ ጊዜ ለሁለት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። በ2022 ደግሞ ሻንታል አከርማን የተባለች የቤልጅግ ተወላጅ ያዘጋጀችው ፊልም አንደኛ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው የሐያስያን ምርጫ ራሱ የማይናወጥ ፍርድ አለመሆኑን ነው።

በአንጻሩ ሽልማትና ታላቅነት ጠላቶች ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል። ለ1943 ምርጥ ፊልም የተባለው «ካዛብላንካ» እና ለ1972 የተባለው «ጎድፋዘር» በጊዜያቸውም ተሸልመዋል፤ ዛሬም ይታያሉ። ስለዚህ «የተሸለመ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ሰው «የተሸለመ ሁሉ ታላቅ ነው» ከሚለው የተሻለ አላሰበም። ሁለቱም ፊልሙን ሳያዩ በሜዳልያው ፈርደዋል።

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ስመ ጥሩው የፊልም ሰው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት በ1938 ዓ.ም. በጐንደር ነው። አባታቸው ተውኔት ደራሲ ነበሩ። ኃይሌ በልጅነታቸው በጐንደር የታርዛንን ፊልሞች ሲያዩ አፍሪካውያኑ ከኋላው በመጡበት ጊዜ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ከጓደኞቻቸው ጋር ይጮኹ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ይህ ትንሽ ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። የአዳራሽ ጭብጨባ የሽልማቶች ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ ጭብጨባውም እንዲህ የራስን ወገን ትቶ ለሌላው ሊደረግ ይችላል። ዓይን ካልተማረ እጅ የሚያጨበጭበው ሌላው ላጨበጨበለት ነው።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በሎስ አንጀለስ የፊልም ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። በ1966 ዓ.ም. አገሪቱ በለውጥ ማዕበል ስትናወጥ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ቀረጹ። ቀረጻው የተፈጸመው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ የሚታዩትም በአብዛኛው ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው። ለባላባት የሚያርስ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮ ሳይቸኩል፣ እንደ በሬ እርምጃ ቀስ እያለ ይተረክበታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ በሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸልሟል። ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ አፍሪካ ሲኒማ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት በዚያ ሽልማት ምክንያት አይደለም። አንድ ዘመን ሊያልፍ ሲል የገበሬውን ፊት፣ ድምፅና ድካም ስለ ያዘልን ነው። ከዓመታት በኋላ ጣሊያን አገር በቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት የታደሰውም ስለዚሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የ«ሳንኮፋ» ታሪክ ነው። «ሳንኮፋ» በጋና የአካን ሕዝብ ቋንቋ ወደ ኋላ ተመልሶ የተተወውን ማምጣት ማለት ነው። ፊልሙ በዘመናችን የምትኖር አንዲት ጥቁር ሴት በመንፈስ ወደ ባርነት ዘመን ተመልሳ የወገኖቿን መከራ ስትቀምስ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ፤ ነገር ግን የበዓሉን ታላቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ አላገኘም። ከዚያም በአሜሪካ ፊልሙን ለሲኒማ ቤቶች የሚያከፋፍል ኩባንያ ጠፋ። ኃይሌና የሙያም የትዳርም ጓደኛቸው ሺሪኪያና አይና ተስፋ አልቆረጡም። ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንን እያስተባበሩ ፊልሙን አሳዩ። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ፤ አዳራሾቹም ለሳምንታት ሞሉ።

እንግዲህ ዘመኑን ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ ለዓለም ተመልካች በኔትፍሊክስ ቀረበ። በዚያው ዓመት የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ በሎስ አንጀለስ የሲኒማ ቤተ መዘክሩን ሲከፍት «ቫንቴጅ» የተባለውን አዲስ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው ለኃይሌ ገሪማ ነው። በእነዚያ 28 ዓመታት ውስጥ በ«ሳንኮፋ» ታሪክ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ፊልሙ ታላቅ ከሆነ በ1993 ያለ አከፋፋይ በቆመ ጊዜም ታላቅ ነበር። በመካከሉ በሕይወት ያቆየው ግን ሽልማት ሳይሆን ከየሰፈሩ ወጥቶ የተሰለፈው ተመልካች ነው።

«ታዲያ ሽልማት ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙ ይጠቅማል የሚል ነው። ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ የሌለው የድኻ አገር ፊልም ሽልማት ካላገኘ ማን ያየዋል? የኃይሌ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ማግኘቱ፣ በ2009ም በዋጋዱጉ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ መቀበሉ ስሙን በብዙ አገሮች አሰምቶለታል። ከሴት ልጅ ጠለፋ ጋር የተያያዘ የፍርድ ቤት ክርክር የሚተርከው «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። አንድ ሕፃንና በጉን የሚያሳየው የያሬድ ዘለቀ ፊልም በ2015 ለካን በዓል ይፋ ዝግጅት የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ይህ ሁሉ በር ከፍቷል። ነገር ግን በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ መኖር ሌላ ነገር ነው። ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ»፣ «ድፍረት»ና የያሬድ ፊልም ኢትዮጵያን ወክለው ለኦስካር ተልከው ለመጨረሻው ዕጩነት አልበቁም። ይህ ውጤት ስለ ፊልሞቹ ዋጋ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ውድድሩ ጥበት የሚነግረን ይበልጣል። ለእኛ የሚያሻን ጥያቄ «አሸነፉ ወይ?» ሳይሆን «ከዐሥር ዓመት በኋላ ተመልሰን ስናያቸው የሚሉን ነገር አላቸው ወይ?» የሚለው ነው።

እንግዲያው ታላቅ ፊልምን በምን እንለየው? ቢያንስ ሦስት መመዘኛዎችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ ታላቅ ፊልም ደጋግሞ ቢታይ አይነጥፍም። መጀመሪያ ሲታይ ታሪኩ፣ ሁለተኛ ሲታይ ጥበቡ፣ ሦስተኛ ሲታይ ያልተነገረው ነገር ይገለጣል። ሁለተኛ፣ ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው ነገር እውነት ነው። ከባሕር ማዶ የተማረው የ«ጤዛ» አንበርብር አካሉ ጎድሎ፣ ልቡ ተሰብሮ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ያ ዘመን ያላገኘው ወጣት እንኳ ሕመሙን ይረዳዋል። ሦስተኛ፣ ክርክር ያስነሣል። አይተውት ሁሉም ተስማምቶ የሚበተንበት ፊልም ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይረሳል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ምሽት የሚመዝን ጉባኤ የለም፤ መመዘኛዎቹ ራሳቸው ጊዜን ይጠይቃሉና።

ይሁንና ጊዜ ብቻውን ይፈርዳል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ሞኝነት ነው። ዳኛ መዝገብ ካልቀረበለት በምን ይፈርዳል? ለዚህ ከጐንደር ከተማ መካከል ወጣ ብሎ በተራራ ግርጌ የሚገኘው ቁስቋም ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ስንት ሰው ተሹሞ፣ ስንት ሰው ካባ ተደርቦለት ይሆን? የአብዛኞቹን ስም ዛሬ የሚያነሣ የለም። ስማቸው ያልተጻፈ ጠራቢዎች በድንጋይ የቀረጹት ጌጥ ግን ከፈረሰው ግንብ ላይ አሁንም ይታያል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጐንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከጥፋቱ አልዳነም። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና የተሠራውና እስከ ዛሬ የሚቀደስበት ጊዜ ስለ ራራለት አይደለም፤ የሚወደውና የሚያስፈልገው ሕዝብ ስለ ነበረ ነው። ሰው ያልጠበቀውን ቅርስ ጊዜ አይጠብቀውም።

ፊልም ደግሞ ከድንጋይ ይልቅ በቀላሉ የሚጠፋ ነገር ነው። በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ይሰበራል፤ ይቃጠላል። ድምፅ አልባ በሆነው የሲኒማ የመጀመሪያ ዘመን ከተሠሩት የዓለም ፊልሞች አብዛኞቹ ለዘለዓለም ጠፍተዋል። ከእነርሱ መካከል ታላቅ የነበረው የትኛው እንደ ሆነ ከእንግዲህ ሊፈርድ የሚችል ዳኛ የለም። በአገራችን የመጀመሪያው ረዥም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ፤ ስለ ደም መመላለስ የሚተርከው «ጉማ»ም በ1966 ዓ.ም. ተከተለ። ዛሬ በየዓመቱ ስለሚሰጠው የጉማ ሽልማት የሚያወራ ወጣት ብዙ ነው፤ ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ፊልሙን ያየው ደግሞ ከእነዚያም ያንሳል። ሽልማቱን አውቀን ፊልሙን ካላወቅን ጥላውን ይዘን ዛፉን ረስተናል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የተመልካች ኀላፊነት ቀላል አይደለም። አንድ ፊልም መሸለሙን ስትሰሙ ሂዱና እዩት፤ ምስክሩ የተናገረው እውነት መሆኑን ራሳችሁ መርምሩ። ያልተሸለመውንም እዩ፤ ምናልባት ምስክሩ ያልደረሰበት ሊሆን ይችላል። ያያችሁትን ለጓደኛ ተርኩ፤ ተከራከሩበት፤ በጽሑፍ አስፍሩት። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ሽማግሌ ቢኖሩ በወጣትነታቸው ያዩት ፊልም ምን እንደ ነበረ፣ ከዚያም ምን እንደሚያስታውሱ ጠይቋቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ አረጋዊ ልብ ውስጥ የቀረ አንድ ትርኢት በወርቅ ከተለበጠ ሐውልት የማያንስ ማስረጃ ነው።

ባጭሩ፣ ታላላቅ የፊልም ሽልማቶች ስለ አንድ ፊልም ዘላቂ ታላቅነት ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ ሊወስኑ ግን አይችሉም። ምስክርን ማክበር ተገቢ ነው፤ ፍርድን ለምስክር አሳልፎ መስጠት ግን የራስን አእምሮ ሥራ ማስፈታት ነው። ወርቃማው ሐውልት በአንድ ሌሊት ይሰጣል። ፍርዱ ግን ፊልሙን በሚያዩ፣ በሚጠብቁና ለልጆቻቸው በሚያወርሱ ሰዎች እጅ ነው፤ እናንተም ከእነዚህ ሰዎች መካከል ናችሁ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ጸሐፊው የሯጭን ሜዳልያ ከፊልም ሽልማት የሚለየው በምንድን ነው?
2. በምስክርና በዳኛ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር ግለጡ።
3. የ«ሳንኮፋ» ታሪክ የጸሐፊውን አቋም የሚደግፈው እንዴት ነው?
4. ጸሐፊው ከአቋሙ ተቃራኒ የሆነ ሐሳብ ያነሣባቸውን ሁለት አንቀጾች አመልክቱ። ለምን ያነሣቸው ይመስላችኋል?

ለ. «ይሁንና»፣ «ነገር ግን»፣ «በአንጻሩ» እና «እንግዲያው» የሚሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ምን ዓይነት ሐሳቦችን እንደሚያያይዙ አስረዱ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. «የተመልካች ብዛት የአንድን ፊልም ታላቅነት ያሳያል» በሚለው ሐሳብ ላይ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆናችሁ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ። ከዚያም አቋማችሁን በመጀመሪያው አንቀጽ ገልጣችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ማስረጃ አቅርባችሁ፣ ተቃራኒውንም ሐሳብ መልሳችሁ የአራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።